የውሻ የአጥንት ካንሰር፦ እግር መቁረጥ ብቻ ወይስ ከኬሞቴራፒ ጋር?

ኦስቲዮሳርኮማ የተባለው የአጥንት ካንሰር በተለይ እንደ ግሬት ዴንና ሮትዋይለር ያሉ ግዙፍ ውሾችን ያጠቃል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያመዛዝነው ሁለት አማራጭ ነው፤ የታመመውን እግር በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ብቻ፣ ወይም ከዚያ በኋላ ኬሞቴራፒ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሳትን በመድኃኒት የማጥፋት ሕክምና፣ ማስከተል።

የቀዶ ሕክምናው ትልቁ ጥቅም ሕመሙን ከምንጩ ማስቀረቱ ነው። በሦስት እግር መኖር ከውሻው ይልቅ ባለቤቱን የሚያስጨንቅ ይመስለኛል፤ ሌሎቹ እግሮቹ ጤነኛ ከሆኑ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ መራመድ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ዕጢው በሚታወቅበት ጊዜ 90 በመቶ ያህል በሚሆኑት ውሾች ላይ በራጅ የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት፣ በተለይም ወደ ሳንባ፣ አስቀድመው ተሰራጭተው ስለሚገኙ፣ በቀዶ ሕክምና ብቻ ከታከሙት ግማሽ ያህሉ ከ4 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ።

ኬሞቴራፒው የሚያነጣጥረው በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ነው። ካርቦፕላቲን የተባለው መድኃኒት በየ3 ሳምንቱ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በደም ሥር ሲሰጥ፣ ግማሽ ያህሉ ውሾች የሚሞቱበት ጊዜ ወደ 10 ወር እስከ አንድ ዓመት ገደማ ይረዝማል፤ ከ5 ውሾች አንዱ ያህልም ሁለት ዓመት ይደርሳል። ማስታወክ፣ ተቅማጥና የነጭ የደም ሕዋሳት መቀነስ ሊያጋጥም ስለሚችል በየመካከሉ የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ወጪውም በዚያው መጠን ይጨምራል። የሕክምናው ዓላማ ግን በአብዛኛው ዕድሜን ማራዘም እንጂ ፈጽሞ መፈወስ አይደለም።

አቅሙ ላለው ባለቤት ሁለተኛው አማራጭ ይመረጣል እላለሁ፤ ካንሰሩ በሳንባ ራጅ ላይ አስቀድሞ ከታየ ግን የኬሞቴራፒው ጥቅም በእጅጉ ስለሚያንስ፣ ሕመም ማስታገስን ማስቀደሙ ይሻላል።