ውዝፍ ክፍያችንን ላስመለሰችልን የሒሳብ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። በተለይ እንደኛ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ይዛችሁ፣ ሥራ አስረክባችሁ ክፍያ የምትጠብቁ ካላችሁ ይህቺን አንብቡልኝ።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች፣ ለክሊኒኮችና ለአስመጪዎች ሲስተም የምንሠራ ጥቂት ልጆች ነን። ሥራ አልቸገረንም። ሲስተሙ ይገባል፣ ሠራተኛው ይሠለጥናል፣ ሰው በየቀኑ ይጠቀምበታል፤ ክፍያው ግን «ነገ ደውሉ» ላይ ይቀራል። ነገ ሲደወል ፈራሚው የሉም፣ ከነገ ወዲያ ስብሰባ ላይ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ «መጀመሪያ ደረሰኝ ቁረጡልን» ይላል፤ ደረሰኙ ከተቆረጠ ደግሞ ብሩ ገባም አልገባም 15 በመቶ ቫቱን አሳውቆ መክፈል የኛ ዕዳ ነው። እጃችን ላይ ላልገባ ገንዘብ ቫት እየከፈልን የልጆቹን ደመወዝ ተበድረን እናውቃለን። የደረሰበት ያውቀዋል።

እንዲህ እያለን ነው ይህቺን እህታችንን ያገኘናት። ለትናንሽ ድርጅቶች በትርፍ ሰዓቷ ሒሳብ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም።

ስትጀምር ለማንም አልደወለችም። የእያንዳንዱን ደንበኛ ፋይል አውጥታ የጎደለውን ፈለገች። አንዱ ጋ የርክክብ ሰነዱ አልተፈረመም። ሌላው ጋ የክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤያችን መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር አላገኘም። ሌላው ጋ ሥራ አስኪያጁ ከፈረሙ ቆይተዋል፣ ወረቀቱ ፋይናንስ ክፍል ተኝቷል። እኛ አለቃውን ስንጨቀጭቅ የከረምንበትን እሷ ወረቀቱ ያለበት ጠረጴዛ ድረስ ሄዳ፣ የጎደለውን አሟልታ፣ በትህትና ጨረሰችው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ በጀቱ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ ስለምታውቅ ሰነዱን ግንቦት ላይ ታሟላለች፤ ሰኔ ሲገባ ግርግሩን ታውቁታላችሁ።

ሆን ብሎ የሚያዘገይ ደንበኛም ነበረን። ለእሱ ስድብም ልመናም የሌለበት ደብዳቤ አረቀቀች፤ የተሰጠው አገልግሎት፣ ቀሪው ብር፣ የመጨረሻው ቀን፣ በቃ። ጠበቃ አይቶልን በፊርማ አስረከብን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 ባለዕዳው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይላል፤ ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ ደግሞ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ መጠየቅ ይቻላል። ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ ራሱ ደውሎ በየወሩ ለመክፈል ተስማማ፤ እየከፈለም ነው።

በጣም ያከበርኳት ግን በክሊኒኩ ጉዳይ ነው። ክፍያው ሲዘገይ ከመሃላችን ሲስተሙን እንዝጋው ያለ ነበር። «የበሽተኛ ካርድ እዚያ ውስጥ ነው፣ የሚጎዳው በሽተኛው ነው፣ አይሆንም» አለች። በምትኩ ቀሪው እስኪከፈል አዲስ ሥራ እንደማንጨምር በጽሑፍ አሳወቅን። ከፈሉ። ዛሬም ደንበኞቻችን ናቸው።

አሁን ውሎቻችንንም አስተካክላልናለች። ቅድመ ክፍያ ሳይገባ ሥራ አይጀመርም፣ ቀሪው በየደረጃው ይከፈላል፣ የክፍያ ቀኑ ከርክክብ ይቆጠራል።

ክፍያዋ አስቀድሞ የተነገረ የወር ሒሳብ ነው። የደንበኛ ገንዘብ በእጇም በሒሳቧም አያልፍም፣ ቀጥታ ድርጅቱ አካውንት ይገባል፤ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ወር መጨረሻ ላይ የቫት ማሳወቂያ ስለሚጠምዳት ስልክ ቶሎ ላታነሳ ትችላለች፣ ታገሷት። ውል ሳይኖራችሁ በቃል የሠራችሁት ሥራ ከሆነም የሚሆነውንና የማይሆነውን ፊት ለፊት ትነግራችኋለች፣ ተስፋ አትሸጥም።

እህቴ፣ ይህን ስለምታነቢው፣ ከልጆቹ ሁሉ ጋር ሆነን እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ውላችሁን፣ የርክክብ ሰነዳችሁንና የቆረጣችሁትን ደረሰኝ ኮፒ ይዛችሁ ጠብቋት፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።