ለጣናው ካፒቴናችን ምስጋና፣ ዳር ዳሩን ቀስ ብሎ መጓዝ ለሚወድም ጥቆማ

ባሕር ዳር ደርሶ ጣና ላይ ጀልባ ሳይሳፈር የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። አብዛኛው ግን ሐይቁን የሚያየው በጥድፊያ ነው። ከወደብ ተነሥቶ በቀጥታ ዘጌ በተባለው ባሕረ ገብ መሬት ይወርዳል፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ፎቶ ያነሣል፣ ለምሳ ይመለሳል። በመካከል ያለው ዳርቻ፣ ደንገሉ፣ ወፉ፣ ታንኳው፣ ቡና ያለበሰው ዳገት ሳይታይ ያልፋል። እኛ በይፋ ልናመሰግናቸው የፈለግነው ካፒቴን ዳር ዳሩን ቀስ ብለው የሚነዱ፣ ቀኑን በንፋሱ የሚያቅዱ ሰው ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ አናወጣም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። እሳቸውን ባታገኙም ወደቡ ላይ ከተሰለፉት ነጂዎች ጥሩውን በምን እንደምትለዩ እንዲገባችሁ አሠራራቸውን ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን።

ከሰዓቱ እንጀምር። እሳቸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገመድ ይፈታሉ። «ትንሽ እንተኛና 3 ሰዓት ላይ እንነሣ» ለሚላቸው እንግዳ በትሕትና ግን ሳያወላውሉ እምቢ ይላሉ። ጣና ጠዋት ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ በወጣች ቁጥር የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቦታውን ለመሙላት ቀዝቃዛው አየር ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ከ6 ሰዓት በኋላ ይህ ንፋስ ይበረታል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 እና 15 ሜትር አያልፍም፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚነሣ ሞገድ ደግሞ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ነው። ትንሽ ጀልባን የሚያስቸግራት ይህ ዓይነቱ ሞገድ ነው፤ አንዱን ወጥታ ሳትጨርስ ሌላው ይመታታል። ስለዚህ የእሳቸው ደንብ እስከ 7 ሰዓት ወደብ መግባት ነው።

ንፋስ ቀድሞ የተነሣ እንደሆነም የሚያደርጉትን ያውቁታል። ሞገዱን በጎን አይቀበሉም፤ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ሞገዱ ሰያፍ አድርገው ፍጥነት ይቀንሳሉ። ከኋላ የሚገፋ ሞገድ ሲሆን ደግሞ አብረውት አይሮጡም፤ የሮጠች ጀልባ ከሞገዱ ጫፍ ወርዳ አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ትቀብራለችና። ሰዉን ከጫፍ አንሥተው መሐል ላይ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ። ለፎቶ ብሎ የሚቆም ካለ ሞተሩን አቀዝቅዘው እስኪቀመጥ ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ቅር አትሰኙ።

የቀኑ መስመር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ይሄዳሉ። ጉማሬ በጠዋት ውሃው ላይ ጆሮና አፍንጫውን አውጥቶ የሚታየው እዚያ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ አብዛኛውን ጊዜ ተውጦ ነው የሚውለው። ካፒቴናችን ጉማሬ ሲያዩ ሞተሩን ዝቅ አድርገው ሩቅ ይቆማሉ፤ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል ፈጽሞ አይገቡም። የደነገጠ ጉማሬ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ስለሆነ መንገዱ ላይ የቆመ ጀልባ ይገለብጣል። «ትንሽ ጠጋ በልልኝ» የሚል እንግዳ ጉርሻ ቢጨምርም አይጠጉም። ጠጋ የሚል ነጂ ካጋጠማችሁ ሌላ ጊዜ አብራችሁት አትሂዱ።

ከዚያ ደብረ ማርያም ደሴትን ዞረው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ይመልሳሉ። የቀኑ ምርጥ ክፍል ከዚህ እስከ ዘጌ ያለው ነው፤ በተለይ የእንፍራንዝ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ረግረግ። ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ጫፉ እንደ ጃንጥላ ተበትኖ ይታያል። ሞተሩን አጥፍተው በመቅዘፊያ ብቻ ሲጠጉ፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነችው ዓሣ ለቃሚ ወፍ አየር ላይ በአንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ፣ ከዚያ ቁልቁል ተወርውራ ትንሽ ዓሣ ይዛ ስትወጣ ታያላችሁ። ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ አርጃኖ አለ፤ ጀልባ ሲሰማ እንደ ዱላ ጠልቆ ይጠፋል። ሻላ በመንጋ ትመጣለች። አጉሊ መነጽር ያለው ይያዝ፤ የሌለውም አይቸገር፣ ካፒቴኑ በጣታቸው እየጠቆሙ ያሳያሉ።

የታንኳውን ነገር ለብቻው እንንገራችሁ። ታንኳ የሚሠራው ከደረቀ ደንገል ነው፤ ነዶው እየታሰረ፣ ጫፉ ወደ ላይ እየተቀለበሰ፣ ውስጡ ሌላ ነዶ እየተነጠፈ። ቀዛፊው ረጅም ቀርከሃ ይዞ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይቀዝፋል። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው በየጉዞው መጨረሻ ዳር ላይ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። በዚህ ላይ እንጨት ወይም ሌላ ጭነት ሲጫን ከውሃው በላይ የሚቀረው ጥቂት ጣት ብቻ ነው። የሞተር ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ የሚያስነሣው ሞገድ ይህን ታንኳ ሊያሰጥመው፣ ጭነቱንም ሊያርሰው ይችላል። ካፒቴናችን ታንኳ ከሩቅ ሲያዩ ጋዙን ይቀንሳሉ፣ ጀልባዋ ዝቅ እስክትል ይጠብቃሉ፣ በቀስታ ያልፋሉ፣ እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይላሉ፤ ሞገዱ እስኪበርድም መልሰው ጋዝ አይሰጡም። አንድ ነጂ ከደሃ ጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ይህን አንድ ደቂቃ ማየት ይበቃል። እኛ ከምንም በላይ ያመሰገንናቸው በዚህ ነው።

ስለ ሞተር የማይገደው ሰው ይህን አንቀጽ ቢያልፍ አንቀየምም፤ ቤተሰብ ይዞ የሚሳፈር ግን ያንብበው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር የተጻፈበትን የፈረስ ጉልበት ሁሉ አይሰጥም። ለዚህ ነው ካፒቴኑ ጀልባዋ ከምትችለው ጥቂት ሰው ቀንሰው የሚጭኑት። ቤንዚንና ዘይት የሚደባለቅለት ሞተር ከሆነ፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ማለትም 50 ለ1 ነው የሚሰፍሩት፤ በግምት አያፈሱም። ዘይቱ ሲበዛ ሞተሩ ይጨሳል፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይቆሽሻል፣ መሐል ሐይቅ ላይ ይጠፋል። ሲያንስ ደግሞ ፒስተኑ ግሎ ይያዛል፤ ያኔ መቅዘፍ ብቻ ነው የሚቀረው። ከመነሣታቸው በፊት ሞተሩን አስነሥተው ከጎኑ ቀጭን ውሃ መውጣቱን ያያሉ፤ ያ ውሃ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነው። ከቆመ ወይ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም፣ ወይ ፌስታል መግቢያውን ደፍኖታል። መፍትሔው ማርሹን መሐል አድርጎ ሞተሩን ማጥፋት፣ ከውሃ ማንሣት፣ በእጅ ማጽዳት ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ እጁን ወደ ፕሮፔለር የሚሰድ ነጂ ካያችሁ አስቁሙት።

እምቦጭ የሚበዛው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው፤ ንፋስ ሲገፋው ግን ተቆርሶ ወደሌላው ዳርቻ ይመጣል። ይበልጥ የሚያስቸግረው የዓሣ መረብ ነው። መረቡ ቀጭን የናይሎን ክር ስለሆነ ውሃ ውስጥ አይታይም፤ ምልክቱ የሚንሳፈፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ሁለት ጠርሙስ በርቀት ተሰልፎ ካያችሁ መሐሉ መረብ አለ ማለት ነው። ካፒቴኑ ዞረው ያልፋሉ፣ ዞሮ ማለፍ ካልተቻለ ሞተር አጥፍተውና ከውሃ አንሥተው ይንሳፈፋሉ። መረብ የቆረጠ ነጂ የራሱን ፕሮፔለር ብቻ አይደለም የጎዳው፣ የአንድ ዓሣ አጥማጅ የወር ገቢም አብሮ ሄዷል። በክረምት ደግሞ ወደ ወንዝ አፎች አይገቡም፤ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ርብና ሌሎቹም ወንዞች የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ።

ወቅቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሐይቁ የሚሞላው ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው፤ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ በጣም ይጎድላል። ሲጎድል በዘጌና በደሴቶቹ ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ከውሃው በታች አንድ ክንድ ያህል ብቻ ተደብቆ ይቀራል። ካፒቴናችን ያኔ ረዳታቸውን ፊት አስቀምጠው በረጅም ዘንግ ጥልቀቱን እያስለኩ ነው የሚጠጉት። ለጉዞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን እንመርጣለን፤ ዳርቻው ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ጠርቷል።

ዘጌ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡናና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በዘጌው ጻድቅ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል የተከለከለ ነው ይባላል፤ ደኑ እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየውም በዚህ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሥዕሉን ሁሉም ያያል። ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት መረዋውን ነው፤ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲሆን በድንጋይ ሲመታ እንደ ብረት ደወል ያስተጋባል። ሥዕሎቹ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸው፤ ጠርዙን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ የጨርቁን ድር ትለያላችሁ። በእጅ አይነካም፣ ፍላሽም አይበራም። አዝዋ ማርያም ለወደቡ ቅርብ ስለሆነ ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌ እሱ ይሻላል። በጾም ወራት ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ ከ6 ሰዓት በፊት መድረስ ያስፈልጋል። ነጠላ ያዙ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ፣ ለመግቢያና ለአስጎብኚ ዝርዝር ብር ይኑራችሁ።

ሴቶች ያሉበት ቡድን ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ለካፒቴኑ ንገሯቸው። ደሴት ላይ ካሉት ገዳማት ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ሴት አይገባም። እንጦስ ኢየሱስ፣ ደብረ ማርያም፣ የዘጌዎቹና ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ይፈቀዳል። ይህን ሳይናገር ክብራን አድርሶ ሴቶቹን ወደብ ላይ የሚያስቀምጥ ነጂ አለ፤ የእኛው ካፒቴን ከመነሣታቸው በፊት ነው የሚጠይቁት። ናርጋ ሥላሴን፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን፣ ማየት የፈለገ ሰው ደግሞ ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን ይያዝላት። ለአንድ መንገድ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከዘጌ ጋር በአንድ ቀን ደርቦ ማየት ጥድፊያ ነው።

ዳር ላይ እግር ነከር ማድረግ የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት። ጣና ውስጥ ብልሃርዚያ አለ፤ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ደግሞ ሣርና ደንገል ባለበት በዳሩ ነው። ካፒቴኑ ለመውረጃ ሳንቃ የሚይዙት ለዚህም ጭምር ነው። ላይፍ ጃኬቱን ለብሳችሁ ቁልፉን ከዘጋችሁ በኋላ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጆሯችሁ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው፣ ቀይሩት። ለልጆች በልካቸው የተሠራ መኖሩን ከዋዜማው ጠይቁ፤ የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ምንም አይጠቅምም።

ሂሳቡ በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም፤ ስለዚህ አምስት ስድስት ሆኖ መሄድ ይረክሳል። ስትስማሙ አራት ነገር ቁርጥ አድርጉ፦ ስንት ሰዓት፣ የት የት፣ ነዳጁ ሂሳቡ ውስጥ አለ ወይ፣ ስትወርዱ የሚጠብቁበት ይቆጠራል ወይ። ካፒቴናችን ይህን ራሳቸው ቀድመው ይናገራሉ፣ ስትመለሱም ዋጋ አይጨምሩም። በዋዜማው ማታ ደውሉላቸው፤ የአካባቢውን ሁኔታና የንፋሱን ነገር አይተው «ነገ አይሆንም» ካሉ አይሆንም ማለታቸው ነው፣ ቀብድም አይዙም። ለረዳታቸው ለብቻው ጉርሻ ስጡ፤ ዘንጉን የሚይዘው፣ ሳንቃውን የሚዘረጋው፣ እናቶችን እጃቸውን ይዞ የሚያወርደው እሱ ነው። ካፒቴናችንና ረዳታቸው፣ ለሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጀልባችሁን ይጠብቅላችሁ።