«የአያቴ ቼዝ» ብሎ ሸጠልኝ

ጀርመን ያላችሁ፣ አሮጌ ዕቃ የምትወዱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። 240 ዩሮ ተበልቻለሁ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።)

ኢንተርኔት ላይ የወጣው ማስታወቂያ «ከ1900 በፊት የተሠራ ሴሌኑስ፣ የአያቴ ነበር» ይላል። ሴሌኑስ ረጅምና ቀጭን፣ ቀለበት በቀለበት ላይ የተደራረበ የጀርመን የእንጨት ቼዝ ነው። ስሙ በ1616 የቼዝ መጽሐፍ ካሳተመ አንድ የጀርመን መስፍን የብዕር ስም የመጣ ነው። በፎቶው 32ቱም ጠጠሮች ሙሉ ናቸው፤ አንድም ስብራት የለም። ደስ አለኝ፤ መንቃት የነበረብኝ ግን እዚያው ላይ ነበር። ይሄ ቼዝ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ስለሆነ ሲወድቅ አንገቱ ይቀነጠሳል። ስንት ልጅ ሲጫወትበት ኖሮ አንድ ፈረስ እንኳ ሳይጎዳ?

ዕቃው ሲደርሰኝ የሣጥኑ የውስጥ ጨርቅ ጥጉ ላይ ለቋል። ገለጥ ሳደርገው የአምራቹ ወረቀት ወጣ፤ አድራሻው ባለ አራት አሃዝ የፖስታ ኮድ አለው። ያ ኮድ ምዕራብ ጀርመን የገባው በ1961፣ ምሥራቁ በ1965 ነው። በ1993 አምስት አሃዝ ሆነ። አያትየው ከየት አመጡት?

ሻጩ አልደነገጠም። «ሣጥኑ በኋላ የተገዛ ነው፤ ጠጠሮቹ ግን የድሮ ናቸው» አለኝ። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል፤ ሣጥን ይጠፋል። ስለዚህ ጠጠሮቹን መረመርኩ። የድሮ እንጨት በጊዜ ብዛት በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ ስለሚኮማተር፣ ክብ የነበረው መቀመጫው ትንሽ ሞላላ ይሆናል። የኔዎቹን በካሊፐር (የስፋት መለኪያ መሣሪያ) ብለካቸው ፍጹም ክብ ናቸው። ይህ ብቻውን አይበቃም። ግን ጣት የሚይዘው አናታቸው አላለቀም፤ «የዘመን ቆሻሻ» የመሰለኝ ደግሞ በእርጥብ ጥጥ ለቀቀ። የጫማ ቀለም ይሸታል!

መመለስ? በ14 ቀን የመመለስ መብት ያለው ከነጋዴ በኢንተርኔት ለገዛ ነው። ግለሰብ «እንዳየኸው ገዝተሃል» ብሎ ከጻፈ ነገሩ ይከብዳል። ሆን ብሎ ካታለለ ውሉን ማፍረስ ይቻላል፤ ማስረጃው ግን ከእናንተ ነው የሚጠበቀው። እኔ ማስታወቂያውን ፎቶ አላነሳሁትም፤ እሱ ደግሞ ወዲያው አጠፋው።

ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት የጠጠሮቹን መቀመጫ፣ የፈረሶቹን አንገትና የሣጥኑን ውስጥ በቅርብ ፎቶ አስልኩ። «አሁን ቤት የለሁም» ካለ ተዉት።

ባለፈው ሳምንት ሌላ «የአያቴ ቼዝ» አየሁ። የሻጩ ስም ሌላ ነው፤ ከሥሩ የተነጠፈው ባለ አበባ የጠረጴዛ ልብስ ግን ያው ነው።