ቤቴን ከአይጥ፣ ቡቺን ከመርዝ ላዳኑልኝ ሰው

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ምስጋናዬን ሁለት ወር ሙሉ በልቤ ይዤው ቆይቻለሁ፤ ቤቱ በእርግጥ ከአይጥ መጽዳቱን ሳላረጋግጥ ሌላውን ሰው ወደ እሳቸው መምራት አልፈለግሁም። አሁን አረጋግጫለሁ። ቤታችሁ አይጥ የገባባችሁ፣ በተለይም ውሻና ድመት ያላችሁ፣ መርዝ ከማስገባታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ።

ነገሩ የጀመረው ማታ ማታ ከወጥ ቤት ቁም ሳጥን በሚሰማ መፋቅ ነበር። ቀጥሎ በመሳቢያው ጥግ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ጥቁር ኩስ አገኘሁ። ሚሚ፣ ድመታችን፣ ሌሊቱን ሙሉ ማቀዝቀዣው ፊት ቁጭ ብላ ከሥሩ ዓይኗን አትነቅልም። አንዳንዴ አንዷን ይዛ ታመጣለች፤ በማግስቱ ግን መፋቁ እንደነበረ ነው። "ድመት እያለሽ አይጥ?" ያላለኝ ሰው የለም። አንዲት ድመት የምትይዘው ያገኘችውን ነው፤ በግድግዳ ውስጥ የሚራባውን ከየት ትደርስበታለች?

በመጀመሪያ የጠራኋቸው ሥራቸው ይኸው ነው የተባሉ ሰዎች ነበሩ። የማን ሠራተኞች እንደሆኑ አልናገርም፤ ለመካሰስ አይደለም የምጽፈው። ነገር ግን ያደረጉትን እናገራለሁ። ገና ከበር ሲገቡ ውሻና ድመት እንዳለኝ ነገርኳቸው። ሲወጡም ደገምኩላቸው። "አይነኩትም፣ ይመራል" አሉኝ። በየቁም ሳጥኑ ሥር፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ከምድጃው ጎን ሰማያዊ የሳሙና ቁራጭ የመሰለ ነገር ወረወሩና በ20 ደቂቃ ውስጥ ሄዱ። ስንት ቁራጭ እንደጣሉ አልቆጠሩም። እኔም ቁጠሩልኝ አላልኩም፤ ማለት እንዳለብኝ ማን ነግሮኝ!

በአምስተኛው ቀን ውሻዬ ቡቺ ከተኛበት አልነሳም አለ። ሳህኑን አፍንጫው ሥር ባደርግለት ፊቱን አዞረ። ከንፈሩን ገለጥ ሳደርግ ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ሆዱ ላይ ደግሞ ማንም ሳይመታው የበለዘ ቦታ አየሁ። ተሸክሜው ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጥኩ።

ሐኪሟ ገና ስታየው "ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። መርዙ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው አለችኝ፤ እንስሳው በበላበት ቀን ምንም ሳይታይበት ከቀናት በኋላ ውስጥ ውስጡን ይደማል። የመርዙን ስም ስለፈለገች እነዚያ ሰዎች ዘንድ ደወልኩ። ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም ተባልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስደውል ስልኩ አልተነሳም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ቤቴ ገብቶ አየሁት፤ እህሉን የበላችው አይጥ፣ መርዙን የጠጣው ቡቺ።

ቡቺ 11 ዓመቱ ነው። የአባቴ ውሻ ነበር። አባቴ አልጋ በያዘበት ጊዜ ከግርጌው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ ምግቡን እንኳ እዚያው ካላመጣንለት አይበላም ነበር። አባቴ በመጨረሻዎቹ ቀናት ድምፁ ደክሞ ነበርና ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን እጁን ቡቺ ራስ ላይ አሳርፎ፣ እኔን እያየ፣ "አደራ" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እና ያን ቀን በሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ቡቺ ተዘርግቶ ሳየው፣ የሚታየኝ እሱ ብቻ አልነበረም።

ተመስገን፣ ዳነ። ደም እንዲረጋ የሚያግዘውን ቫይታሚን ኬ በመርፌ፣ ከዚያም አራት ሳምንት ሙሉ በክኒን ወሰደ፤ ክኒኑ ካለቀ በኋላም ደሙ ተመርምሮ ነው እፎይ ያልነው። አይጦቹ ግን ያኔም አልጠፉም ነበር። ቡቺ ገና ክኒን እየወሰደ ሳለ፣ መርዝ የሌለው ዘዴ አለኝ ያለ ሌላ ሰው መጣ። ማጣበቂያ የተቀባ ካርቶን በየጥጉ ዘርግቶ ሄደ። በዚያው ሌሊት በሚሚ ጩኸት ነቃሁ። አንድ እግሯና ጅራቷ ካርቶኑ ላይ ተጣብቆ ቤቱን ትዞረዋለች። በምግብ ዘይት እያሸሁ እስከ ንጋት ስታገል አደርኩ፤ እጄን ቧጥጣ አድምታዋለች፤ አልፈርድባትም። በድምፅ አይጥ ያባርራል የተባለ መሣሪያም ገዝቼ ሰክቼ ነበር። ከሥሩ ኩስ አገኘሁ። ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እኚህን ሰው የጠቆመችኝ የሐኪሟ ረዳት ናት። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጽፈውም፤ ለሚፈልግ ግን ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፤ ጠይቁኝና ወዲያው እሰጣችኋለሁ። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ስደውልላቸው ከሌሎቹ የተለዩ መሆናቸውን ያወቅኩት በመጀመሪያው ጥያቄያቸው ነው። ሌሎቹ ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ ነበር የሚጠይቁት። እሳቸው "ምን ምን እንስሳት አሉሽ? የት ይተኛሉ? ምግባቸው የት ይቀመጣል?" አሉኝ። መርዝ ተቀምጦ እንደነበር ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ "ነገ ጠዋት እመጣለሁ፤ እስከዚያ ውሻውን ወጥ ቤት አታስገቢው" አሉ።

በማግስቱ መጡ። ቦርሳቸውን በር ላይ አስቀምጠው ወለሉ ላይ በርከክ አሉና እጃቸውን ዘርግተው ቡቺን ጠበቁት። አልጠሩትም፣ አልነኩትም፤ እሱ ራሱ መጥቶ እስኪያሸታቸው ጠበቁ። ከታመመ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ይገባ የነበረ ውሻ ነው። መጣ፤ እጃቸውን አሸተተ፤ ከጎናቸው ተኛ። ያኔ "እሺ፣ ፈቅዶልኛል፤ ሥራ እንጀምር" ብለው ተነሱ።

የሠሩትን ሁሉ ልተርክ አልችልም፤ ግማሹ አልገባኝም። አንዱን ግን መቼም አልረሳውም። ምንም ነገር ሳያስቀምጡ በፊት፣ እነዚያ ሰዎች የጣሉትን መርዝ ሊለቅሙ ተነሱ። "ስንት ነበር?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። "እንግዲያው የለም እስክንል እንፈልጋለን" አሉ። ጓንት አጥልቀው፣ የእጅ ባትሪ በአፋቸው ነክሰው፣ በዚያ ዕድሜያቸው በደረታቸው ተኝተው ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ በአንድ ይጎትቱ ጀመር። እኔ ጠርጌዋለሁ ስል የነበረው ቦታ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ሰባት ቁራጭ ወጣ። ስድስቱ ዳር ዳራቸው በጥቃቅን ጥርስ ተፍቋል። ሰባተኛዋን ግን መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ብርሃኑ አስጠጓት። ሁለት ጥልቅ ጉድጓድ አለባት፤ ግማሿ የለም። "ይህ የአይጥ ጥርስ አይደለም" አሉ። ወደ ቡቺ አዩና አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ዝም ብለው ጠበቁኝ፤ አይዞሽ ለማለት እንኳ አልቸኮሉም። ሳበቃ "አሁን ቤቱ ውስጥ ምንም መርዝ የለም፤ ዛሬ ማታ ተኚ" አሉኝ። ለስንት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁበትን ነገር አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያነሣልኝ፣ ምን ብዬ ላመስግን?

ከዚያ እርሳስ ከኪሳቸው አወጡ። "ይህ እርሳስ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ለአይጥ በር ነው" ብለው ቤቱን ከውጭ ጀምረው ዞሩት። የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ፣ ቀድሞ አንድ ሰው ሲደርቅ በሚጠነክር አረፋ ደፍኖልኝ በነበረው ላይ፣ እርሳሱ ሹልክ ብሎ ገባ። አረፋውን አይጦቹ ከውስጥ ፈልፍለውታል። ጋሼ በሽቦ ዕቃ መፈተጊያ ጠቅጥቀው በላዩ ሲሚንቶ መረጉበት። በሩ ሥር የነበረውን ክፍተትም በብረት ጠርዝ ዘጉት። በዚያ ቀን ብቻ አምስት ቀዳዳ ዘግተዋል፤ እኔ በዚህ ቤት ስኖር አንዱንም አይቼው አላውቅም።

የቡቺን ምግብ ከረጢት ከመጋዘኑ ጎትተው ሲያወጡት ከታች ተበስቷል። ውስጡ ኩስ አለ። "ልጄ፣ ሌላው ሁሉ ቢሠራ ይህ እስካለ ድረስ አይጥ አይሄድም" አሉኝ፣ በወቀሳ ሳይሆን እንደ አባት። ክዳኑ ግጥም የሚል የብረት ዕቃ እንድገዛ፣ የቡቺንና የሚሚንም ሳህን ማታ ማታ እንዳነሣ ነገሩኝ። አይጥ ከሚበላው ምግብ እርጥበት ስለሚያገኝ ውኃ ባይኖርም ይኖራል፤ ምግብ ካጣ ግን ወደ ወጥመዱ ይመጣል አሉ። ኩሱን በደረቁ እንዳልጠርግም አስጠነቀቁኝ፤ አቧራው ሲተነፍሱት በሽታ ያመጣል። በረኪና በውኃ አቅጥኖ መርጨት፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ በጓንት በወረቀት መጥረግ፤ ወለሉ እስኪደርቅ ድረስም እንስሳቱን ማራቅ።

ወጥመዶቻቸው በሳጥን ውስጥ የተዘጉ ናቸው። አይጥ ይገባበታል እንጂ የሚሚ እጅም ሆነ የቡቺ አፍንጫ አይገባም፤ የራሴን ጣት አስገብቼ ሞክሬዋለሁ። የለውዝ ቅቤ ጠብ እያደረጉ ሁሉንም ግድግዳ ጥግ አስጠግተው አስቀመጡ፤ አይጥ መሃል ሜዳ አቋርጦ አይሄድም፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚሄደው አሉ። በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ቁጥር ጻፉ። ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 9 ዘርዝረው፣ የትኛው የት እንዳለ በንጹህ የእጅ ጽሕፈት ጽፈው ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉልኝ። "9 አስገብቻለሁ፤ 9 አወጣለሁ" አሉ። ያችን ወረቀት ስንት ጊዜ ቆሜ እንዳነበብኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

በመጀመሪያው ሌሊት ሦስት ተያዙ፤ በሁለተኛው ሁለት፤ ከዚያ አንድ፤ ከዚያ ምንም። እኔ በዚህ አለቀ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሳልጠራቸው በሳምንቱ መጡ፤ በሦስተኛውም ሳምንት መጡ። አይጥ በ3 ሳምንት ገደማ ውስጥ ስለምትወልድ፣ ተደብቆ የቀረ ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው አሉኝ። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁም። ልስጥዎት ብላቸውም "ሥራው ገና አላለቀም" ብለው እምቢ አሉ።

በመጨረሻው ጊዜ ወጥመዶቹን ሰብስበው፣ ዘጠኙንም ቁጥር በወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ ሰረዙ። ከዚያ ማታ ልተኛ ስል በግድግዳው ጥግ ስስ ዱቄት እንድነሰንስ ነገሩኝ፤ አይጥ ካለ ዱካው ይታያል። ነሰነስኩ። ጠዋት በባዶ እግሬ፣ ባትሪ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ከጥግ እስከ ጥግ አየሁት። ከማቀዝቀዣው ሥር እስከ በሩ ንጹህ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ የሚሚ አራት መዳፎች አቋርጠውታል። ለሦስት ሌሊት ደገምኩት፤ ከሚሚ በቀር ማንም አላለፈም። ስደውልላቸው "ቡቺስ እንዴት ነው?" ነበር ያሉኝ በመጀመሪያ።

ቡቺ ደህና ነው። ድዱ ቀልቷል፣ ሳህኑን ይልሳል፣ ማለዳ በሩን ይቧጥጣል። የአባቴ አደራ በእጄ አልጠፋም፤ ለዚህ ከሐኪሟ ቀጥሎ የማመሰግነው ጋሼን ነው። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጆቻቸው ይባረኩ።

እባካችሁ ደውሉላቸው። አንድ አይጥ ብቻ አይታችሁም ቢሆን ደውሉ፤ እንደ እኔ ሁለት ሦስት ሰው አትሞክሩ። ስልኩን ከእኔ ውሰዱ። ስትደውሉ ስለ ውሻችሁና ስለ ድመታችሁ በቅድሚያ ይጠይቋችኋል፤ የሚተኙበትን፣ የሚበሉበትን ቦታ አስባችሁ ጠብቁ። ቀድሞ የተቀመጠ መርዝ ካለም አትደብቁ፤ አይቆጡም፣ እሱን ከመልቀም ነው የሚጀምሩት።