ምኅጻረ ቃልን የሚያውቅ፣ ሆሄን የሚያሳስት የስልክ ኪቦርድ

ላለፉት ጥቂት ወራት በስልኬ ላይ በነጻ የሚገኝ አንድ የአማርኛ ኪቦርድ ጭኜ፣ ለሥራም ሆነ ለወዳጅ ዘመድ የምጽፈውን ሁሉ በእሱ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ስሙን ያልጠቀስኩት ምስጋናዬም ነቀፌታዬም ለበርካታ የአማርኛ ኪቦርዶች ስለሚሠራ ነው። የመዘንኩት በፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ በየዕለቱ የምንለዋወጠው መልእክት የጽሑፍ አማርኛችንን እየለወጠው ባለበት በዚህ ጊዜ፣ መሣሪያው ለውጡን ያግዘዋል ወይስ ያበላሸዋል የሚለውንም በማየት ነው። «የዘንድሮ ወጣት ሆሄ አያውቅም» እየተባለ የሚሰነዘረው ወቀሳ በአብዛኛው ከጸሐፊው ይልቅ መጻፊያውን ሊመለከት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድ ራሱ ከመሣሪያ የመጣ ነው። አንድ አጭር የስልክ መልእክት በመሠረታዊው የላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ሆሄያት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ፤ ምክንያቱም ላቲኑ ለአንድ ሆሄ 7 ቢት (የኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መለኪያ) ሲበቃው የእኛ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል። «ሰላም እንዴት ነህ» የሚለው ሰላምታ ክፍት ቦታው ተቆጥሮ በፊደላችን 11፣ በላቲን ደግሞ 15 ይሆናል፤ ፊደላችን ቆጣቢ ቢሆንም ቁጠባው ከ160 ወደ 70 መውረዱን አያካክስም። በዚህ ላይ ብዙዎቹ የቀድሞ ስልኮች ፊደላችንን ማሳየት ስለማይችሉ ባዶ አራት ማዕዘን ይደረድሩ ነበር። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ዘመን ይህ ችግር ቢቀርም ልማዱ አልቀረም፤ በላቲን የሚጻፍ አማርኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ጠራ»ን እና «ተራ»ን አንድ አድርጎ ስለሚያቀርባቸው አንባቢው ከዐውዱ እየገመተ ለማንበብ ይገደዳል።

ኪቦርዱ ለዚህ የሰጠው መልስ የሚያስመሰግን ነው። 33ቱን ፊደላት በሰባት ቤት ሲያባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ «ሷ» ያሉት ዲቃላዎች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። ይህን ሁሉ በመዳፍ በሚያዝ ስክሪን ላይ ለማስፈር የመጀመሪያውን ቤት (ግእዙን) ብቻ በቁልፍነት አስቀምጦ፣ «ሰ» ሲነካ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ፣ ሶ እና ሷ ከላይ በመስመር ይዘረጋሉ። እጅ በፍጥነት ይለምደዋል። ድምፁን በላቲን ቁልፍ እየጻፉ ፊደላችንን የሚያገኙበት ሁለተኛ ስልትም አለው፤ ይህ በተለይ አማርኛ እየሰሙና እየተናገሩ ፊደሉን ሳይቆጥሩ በውጭ አገር ላደጉ ልጆች ትልቅ ጥቅም አለው፤ በለመዱት ቁልፍ የጻፉት ቃል ወዲያው በፊደላችን ሲሠራ ያዩታልና።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከ«ው» እና ከ«ዉ» ነው። «ወ»ን ስንነካ ከሚዘረጋው መስመር መጀመሪያ ላይ የምትገኘው ካዕቡ «ዉ» ስትሆን ሳድሱ «ው» ግን ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ በትንሽ ስክሪን ላይ የሁለቱ ልዩነት ለዐይን እምብዛም ስለማይታይ የቸኮለ ሰው ቅርቧን ይነካል። «ነዉ» የሚለው አጻጻፍ የበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ከሁሉም ይበልጥ ከአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚፈለገው ሳድስ ነውና አጠገብ መሆን የነበረበትም እሱ ነው።

አራት ነጥብም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። የላቲኑ ነጥብ በፊት ለፊቱ ገጽ ላይ ሲቀመጥ «።» በሁለተኛው ገጽ ተሸሽጓል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ጨርሶ ይተወዋል፣ ሌላው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ «፡፡» ያደርገዋል። ለዐይን አንድ ይመስላል፤ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ሆሄያት መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ) የግእዝን ፊደል ካካተተበት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ግን አራት ነጥብ የራሱ አንድ ምልክት ስላለው ዓረፍተ ነገርን የሚለይ ማንኛውም ፕሮግራም በ«፡፡» ሊሳሳት ይችላል።

ምኅጻረ ቃል ላይ ስንደርስ መሣሪያው በከፊል አስደስቶኛል። ቃል ማሳጠር ከስልክ ጋር የመጣ ልማድ አይደለም፤ ዓ.ም.፣ ወ/ሮ፣ ፍ/ቤት እና መ/ቤት ከስልክ በፊትም በየደብዳቤው የነበሩ ናቸው። የድርጅቶች ስም ሲያጥር ደግሞ ፊደላችን ልዩ ጸጋ አለው፤ እያንዳንዱ ሆሄ አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ ከመነሻ ፊደላቱ የተሠራው ስም ወዲያው እንደ ቃል ይነበባል። የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ «መኢሶን» ሆኖ በሰው አፍ የገባው፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ዛሬ «ኢሰመኮ» ተብሎ «የኢሰመኮ መግለጫ» እየተባለ የሚረባው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የቋንቋው ጤናማ እድገት አድርጌ እወስደዋለሁ፤ ኪቦርዱም እነዚህን ስሞች እንደ ስሕተት አይቆጥራቸውም።

«ወ/ሮ» ብዬ ስጽፍ «ወይዘሮ» የሚል አማራጭ ማቅረቡም መልካም ነው። ችግሩ በሰው ስም ላይ ነው። «ተ/ማርያም» ብዬ የአንድ ባልደረባዬን ስም ስጽፍ ሳልጠይቀው «ተክለማርያም» አድርጎ ተካው፤ ሰውየው ግን ተስፋማርያም ነው። እዝባሩ የሚደብቀውን የሚያውቀው የስሙ ባለቤት ብቻ ነው፤ «ወ/» እንኳ ወልደ ወይም ወለተ ሊሆን ይችላል። በማመልከቻ ወይም በውል ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢገባ የሚያስከትለው ጣጣ ቀላል ስላልሆነ፣ የሰው ስም በራሱ ጊዜ እንዲተካ የሚያደርገው አሠራር ሊቀር ይገባል።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ቃል ጠቋሚው ነው። «ጊ» ብዬ ስጀምር «ጊዜ»ን ያቀርባል፤ «ግ» ብዬ ስጀምር ደግሞ «ግዜ»ን እንደ ትክክለኛ ቃል ያቀርባል። «እር» ስል «እርሶ» ከ«እርስዎ» ይቀድማል፤ «እባኮ»ም ከ«እባክዎ» በፊት ይመጣል። ከሰዎች መልእክት እየለቀመ የተማረ ይመስላል፤ በዚህም የብዙዎችን ስሕተት መልሶ ለሁሉም ያድላል። ለወዳጅ የሚላክ መልእክት ላይ «እርሶ» ቢባል ቅር የሚለው ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው አጻጻፍ በሥራ ማመልከቻና በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ ሲገባ እያየሁ ነው፤ ለታላቅ ሰው የምንሰጠው አክብሮት የሚገለጽበት ቃል በትክክል መጻፍ እንዳለበት ደግሞ ጥርጥር የለኝም። መሣሪያው ሁለቱን አጻጻፎች እኩል ቅርብ ቢያደርጋቸው ኖሮ ብዙ ሰው ያለ ምንም ተግሣጽ ትክክለኛውን ይመርጥ ነበር።

የቀረው በአጭሩ የሚታለፍ ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የግእዝ ቁጥሮችን ከ፩ ጀምሮ ቁልፉን ተጭኖ በመቆየት ማግኘት ይቻላል፤ አልፎ አልፎ ማስታወቂያ ያሳያል፤ በአሮጌ ስልክ ላይ ትንሽ ይዘገያል።

ሆሄውን ለሚያውቅ ጎልማሳ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ አማርኛን በላቲን ከመጻፍ በእጅጉ ይሻላል። ለተማሪ ልጅ ስልክ የሚያዘጋጅ ወላጅ ግን ከቅንብሩ ውስጥ ቃል ጠቋሚውንም ሆነ በራሱ የሚተካውን ክፍል ቢዘጋ፣ ከዚያም በግል መዝገበ ቃሉ ውስጥ «ጊዜ»፣ «እርስዎ»፣ «እባክዎ» እና የቤተሰቡን አባላት ሙሉ ስም ቢያስገባ ይበጃል።