ሮዝ መነጽር፣ ማይግሬን እና የአራት ኪሎ ማተሚያ ቤት

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የሮዝ መነጽሬን ዋጋ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ከ100 ዶላር ትንሽ ያልፋል። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ገዝታ በሰው ላከችልኝ። እኔም የእናቴን በርበሬና ሽሮ ልኬላታለሁ፣ ስለዚህ እውነተኛ ዋጋውን እናቴ ብትጠየቅ ይሻላል።

ዕቃው ኤፍ ኤል 41 የሚባል ቀለም የተነከረ መነጽር ነው። ሮዝ ነው፣ ትንሽ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የሚሸጠው ብርሃን ለሚያሰቃየው የማይግሬን ታማሚ ነው። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። ፊቴ ላይ ስክሪን፣ አናቴ ላይ ረጃጅም ፍሎረሰንት፣ ከግድግዳው ወዲያ ማሽን፣ በየቦታው የቀለምና የቲነር ሽታ። ማይግሬን ከዚህ የተሻለ ግብዣ አያገኝም።

በሽታው ያለበት ሰው ያውቀዋል፣ ነገሩ ራስ ምታት ብቻ አይደለም። ሐኪም እንኳን ሲመረምር ብርሃንና ድምፅ ይረብሽሻል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዴ ከተነሳ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያማርረኝ ግን በደህናው ቀን ነው። ራሴን ሳያመኝም መብራቱ ይወጋኛል።

ለምን ሮዝ? ዓይናችን ውስጥ ምስል ለማየት ሳይሆን ብርሃን መኖሩን ለአንጎል ለመንገር የተቀመጡ ሴሎች አሉ። እነዚህ በጣም የሚነቁት 480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ማየት የተሳናቸው የማይግሬን ታማሚዎችን ተመልክቶ ነበር። ምስል ባያዩም ብርሃን የሚሰማቸው ሰዎች፣ ብርሃን ሲበራ ሕመማቸው ይብስባቸዋል። ብርሃን ጨርሶ የማይሰማቸው ግን አይብስባቸውም። ኤፍ ኤል 41 የሚቀንሰው በዚሁ ሰማያዊና አረንጓዴ ክልል ያለውን ብርሃን ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ማይግሬን ባለባቸው ልጆች ተሞክሮ፣ በወር በአማካይ 6.2 ጊዜ ይነሳ የነበረው ወደ 1.6 ወርዷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ እኔም በዚያ መጠን አልተሻለኝም።

መነጽሩን ከማስመጣቴ በፊት ፒያሳ ያሉትን መነጽር ቤቶች ዞሬያለሁ። አንዱ ጋር ባለቤቱ ጥቁር መነጽር አውጥተው፣ «እህቴ፣ ብርሃን ካስቸገረሽ ይሄን አድርጊና ተገላገይ» አሉኝ። ቢሮ ውስጥ ነው የምቀመጠው ብላቸው፣ «ቢሮም ይሆናል» አሉ። አይሆንም። ውጪ ለአዲስ አበባ ፀሐይ ጥሩ ነው፣ ከባርኔጣ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ቤት ውስጥ ሲደረግ ግን ዓይን ጨለማውን ይለምድና ተራ አምፖል ራሱ ጠላት ይሆናል። ሌላኛው ቤት ሰማያዊ ብርሃን ይቀንሳል የሚባለውን «ብሉ ከት» መነጽር ሰጠኝ፣ ያው ሁሉም የሚሸጠውን። ነጩ ብሉ ከት በአብዛኛው የሚቀንሰው ወደ ሐምራዊው ያዘነበለውን ጫፍ ነው። የኔ ችግር እሱ ጋ አይደለም።

አሁን ወደ ሮዙ። የስክሪኑ ነጭ ይለዝባል፣ የጣሪያው መብራት መውጋቱን ይተዋል። ድሮ ከሰዓት በኋላ ግንባሬን ጨምድዶ የሚይዘኝ ነገር አሁን ብዙ ቀን ሳይመጣ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ነገር ግን ሙሉ ምስጋናውን ለመነጽሩ አልሰጥም። በዚያው ሰሞን አለቃዬን ለምኜ ከአናቴ በላይ ያለው አሮጌ ፍሎረሰንት ተቀይሮልኛል። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ባላስቱ፣ ማለትም ለፍሎረሰንቱ ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ፣ የድሮው ዓይነት ከሆነ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፣ ራስ ግን ይቆጥረዋል። ርካሽ ኤል ኢ ዲም እንዲሁ የሚርገበገብ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አስበርታችሁ በስልክ ካሜራ እዩት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር ከተመላለሰ ተዉት። እንደኔ እንደኔ፣ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ አምፖሉ ይቅደም።

ትልቁ ጉድለቱ ቀለም ነው። ሮዝ መነጽር አድርጎ ማጀንታን፣ ያን ወደ ሐምራዊ የሚሄደውን የኅትመት ቀይ፣ ማመን አይቻልም። የሰርግ ካርድ የወርቅ ቀለም ከመዳብ ጋር ይምታታል። ስለዚህ ጽሑፍ ስለቅምና ገጽ ስሠራ አደርገዋለሁ፣ የቀለም ናሙና ሲመጣ አወልቃለሁ። ለሰዓሊ፣ ለልብስ ሰፊ፣ ለቀለም ቀቢ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛ ግን ግድ አይሰጣትም።

ሁለተኛው ጉድለት ጆሮ ላይ የሚያርፈው የመነጽሩ እግር ነው። ጠባብ መጣ። ማይግሬን ሲነሳ የብዙዎቻችን የራስ ቆዳ ራሱ ያማል፣ ማበጠሪያ እንኳን አያስነካም። እንዲህ ባለ ቀን ጆሮ ላይ የሚጫን መነጽር ቅጣት ነው። መልሼ ፒያሳ ወሰድኩት። ያ ጥቁር መነጽር ሊሸጡልኝ የነበሩት ሰውዬ ናቸው እግሩን በሙቀት አለስልሰው ያሰፉልኝ። «ጋሼ፣ ስንት ልክፈል?» ስላቸው፣ «ሂጂ ወዲያ» አሉኝ። ሻጭነታቸውን ባልወደውም እጃቸው የተባረከ ነው።

ማታ ብዙም አይረዳኝም። የኮሪደር ልማቱ መብራት ከመጣ ወዲህ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር መሄድ ለፎቶ እንጂ ለኛ አይደለም። ሕንፃው ይበራል፣ ዛፉ ይበራል። መነጽሩ ግን በጨለማ ብርሃን ስለሚቀንስ ደረጃ ያሳስታል። መኪና የምትነዱ ማታ አታድርጉት።

ድምፅና ሽታን ደግሞ አይነካም። ለማሽኑ ጩኸት የስፖንጅ ጆሮ መሰኪያ ከማሽን ሠራተኞቹ እወስዳለሁ፣ ማሽኑ ሲቆም አወጣዋለሁ። ለሽታው መስኮት ዳር መቀመጥ ነው። የጎረቤቴን የዕጣን ነገር በመነጋገር ፈትተነዋል። «እትዬ፣ ቡናውን እጠጣለሁ፣ ዕጣኑ ግን በር ላይ ይጭስ» አልኳቸው። መጀመሪያ ሰይጣን ያለብኝ መስሏቸው ነበር፣ አሁን ለምደውኛል።

መድኃኒት አይተካም። ይሄን የምለው መነጽሩን እንደ ታምር የሚያወሩ ስላሉ ነው። እኔ ያተረፍኩት አንዳንድ ቀን ክኒን ሳልውጥ መዋሌን ነው፣ ይሄም ትንሽ ነገር አይደለም። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን (የማይግሬን መድኃኒት ነው) ወይም ቅልቅል ማስታገሻ ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ብርሃን መጥላቱ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ደግሞ መነጽር ፍለጋ ሳይሆን ቀጥታ ሆስፒታል።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለማጀንታው ነው። የምታስመጡ ካላችሁ ለቤት ውስጥ የሚሆነውን ፈዘዝ ያለውን ምረጡ፣ ጠቆር ያለው ለውጪ ነው። ጎኑ ሰፊ የሆነውን ውሰዱ፣ የኔ ቀጭን ስለሆነ ከመስኮት የሚመጣው ብርሃን በጎን ይገባብኛል። የፊታችሁን ስፋት ለክታችሁ ላኩ፣ አለዚያ እንደኔ ፒያሳ ትመላለሳላችሁ።