አንኪ ለስፓኒሽ ቃላት፦ መተግበሪያው ግሩም ነው፣ ዝግጁውን ጥቅል ግን ተዉት

እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው የስፓኒሽ ቃል እንዳይረሳ አድርጎ በማስያዝ አንኪን የሚያህል መተግበሪያ የለም። ይህን በሙሉ ልብ የምንለው ግን የሚጠይቃችሁን የጥያቄና መልስ ካርዶች ራሳችሁ የምትሠሯቸው ከሆነ ነው። ብዙ ሰው አውርዶት ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚተወው መተግበሪያው ስለማይረባ አይደለም። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን የ5000 ቃል ጥቅል ጭኖ ስለሚጀምር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የካርዱን ፊት አይታችሁ መልሱን በልባችሁ ትላላችሁ፣ ትገልጡታላችሁ፣ ከዚያ ከአራት ቁልፎች አንዱን ትነካላችሁ፦ አጌይን፣ ሃርድ፣ ጉድ ወይም ኢዚ። ያስታወሳችሁት ቃል ነገ፣ ቀጥሎ ከሦስት ቀን፣ ከሳምንት፣ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ እያለ ቀጠሮው ይርቃል። የረሳችሁት ወዲያው ይመለሳል።

ከ2006 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊነክስ ኮምፒውተር ነጻ ነው፤ ለአንድሮይድም በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት አንኪድሮይድ በነጻ ይወርዳል። የአይፎኑ ስም አንኪሞባይል ሲሆን በአሜሪካ 24.99 ዶላር ያስከፍላል፤ ክፍያው የአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስማቸው ውስጥ «አንኪ» የሚል ገብቶ ከዚህኛው ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሌሎች መተግበሪያዎች ስላሉ ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን አጣሩ። መክፈል የማይፈልግ የአይፎን ተጠቃሚ የአንኪን ድረ ገጽ፣ አንኪዌብን፣ በብራውዘር ከፍቶ መከለስ ይችላል።

ዝግጁው ጥቅል ለምን እንደማያዋጣ እንይ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሳያጠናቸው የሚገቡት እጅግ ብዙ የስፓኒሽ ቃላት አሉ። በእንግሊዝኛ መጨረሻው «ሽን» የሆነው በስፓኒሽ «ሲዮን» ይሆናል፦ ኢንፎርሜሽን ኢንፎርማሲዮን። «ቲ» ወደ «ዳድ» ይዞራል፦ ዩኒቨርሲቲ ኡኒቨርሲዳድ። ፕሮባብሊ ደግሞ ፕሮባብሌሜንቴ ነው። እነዚህን መጨረሻዎች አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ማጥናት ይበቃል። በዚያውም «ሲዮን» እና «ዳድ» ያላቸው ስሞች በሴት ጾታ እንደሚነገሩ ያዙ። ለእያንዳንዳቸው ካርድ መክፈት ግን ጊዜ ማባከን ነው፣ ዝግጁዎቹ ጥቅሎች ደግሞ በእነሱ የተሞሉ ናቸው።

ካርድ የሚገባቸው እንግሊዝኛውን መስለው የሚያሳስቱት ናቸው። ኤክሲቶ መውጫ አይደለም፣ ስኬት ነው። ካርፔታ ምንጣፍ ሳይሆን ፎልደር፣ ሊብሬሪያ ቤተ መጻሕፍት ሳይሆን መጽሐፍ መሸጫ፣ ሶፓ ሳሙና ሳይሆን ሾርባ ነው። አሲስቲር ማገዝ መስሎ ይሰማል፤ ትርጉሙ ግን በስብሰባ ወይም በትምህርት ላይ መገኘት ነው። አፍራለሁ ለማለት ኤምባራሳዳ ያለች ሴት ነፍሰ ጡር ነኝ ብላ አረፈችው።

ይህን የመጨረሻውን ቃል ይዘን አንድ ካርድ እንሥራ። ፊቱ ላይ ቃሉን ለብቻው አትጻፉ። ክሎዝ የሚባለውን የካርድ ዓይነት ምረጡና ሙሉ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ «ሚ ኤርማና ኤስታ ኤምባራሳዳ»፣ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። ኤምባራሳዳን ብቻ ደብቁና ከባዶው ቦታ በታች የነፍሰ ጡር ሴት ሥዕል ለጥፉ። ሥዕሉ ያለው የእንግሊዝኛው ቃል በመሃል እንዳይገባ ነው። ዓረፍተ ነገሩም ቃሉ ከኤስታ ጋር እንደሚሄድ፣ ከሌላኛው «ነው» ማለትም ከኤስ ጋር እንደማይሄድ ያለ ተጨማሪ ካርድ ያስተምራል። አንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይደበቅ። ሁለት ቃል ከተደበቀ አንዱን አስታውሳችሁ አንዱን ስትረሱ የትኛውን ቁልፍ እንደምትነኩ ይጠፋችኋል።

ስፓኒሹን እዚህ በፊደላችን የጻፍነው ለንባብ እንዲመች ነው። ካርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ ከነምልክቱ ይጻፍ፤ በስልክ ኪቦርድ ፊደሉን ጫን አድርጎ መያዝ ምልክቶቹን ያወጣል። አኞ፣ ማለትም ዓመት የሚለው ቃል፣ በላይዋ ያለችው ምልክት ከተረሳች የነውር ቃል ይሆናል። በነገራችን ላይ እንግሊዝኛ ብቻ ያለው ሰው የሚቸገርበት ይህ «ኝ» ለእኛ አዲስ አይደለም። ፔሮም ሲላላ «ግን»፣ ሲጠብቅ «ውሻ» ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ልዩነቱን ለመስማት አይቸገርም።

ስም ሲገባ ያለ ጾታው አይግባ። ላ ማኖ (እጅ) በ«ኦ» ቢያልቅም ሴት ናት፣ ኤል ዲያ (ቀን) እና ኤል ፕሮብሌማ በ«አ» ቢያልቁም ወንድ ናቸው። ኤል አጉዋ (ውሃ) በ«ኤል» ይጠራል እንጂ ሴት ነው፤ ስለዚህ «ኤል አጉዋ ፍሪያ»፣ ቀዝቃዛው ውሃ፣ ብላችሁ ከቅጽሉ ጋር መዝግቡት። ግስም በመነሻ ቅርጹ ብቻ አይጠቅምም። ቴኔርን የሸመደደ ሰው ቴንጎ (አለኝ) እና ቱቤ (ነበረኝ) ሲባል አይለየውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ያፈነገጠ ግስ ለየቅርጹ አጭር ዓረፍተ ነገር ያለው ካርድ ይከፈት። ደንቡን የሚከተለውን ግስ እለፉት።

የትኛውን ስፓኒሽ እንደምታጠኑም አስቀድማችሁ ወስኑ። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሬስቶራንት ወይም ሆቴል የሚሠራ ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የኤል ሳልቫዶር ሰዎችን አነጋገር ነው። ለእሱ በስፔን የሚነገረውን ቮሶትሮስ (እናንተ) ማጥናት ትርፍ ነው፤ ቮስ (አንተ፣ አንቺ) እና ኡስቴድ (እርስዎ) ግን ያስፈልጉታል። በስፔን «መያዝ፣ መውሰድ» የሆነው ኮሄር በሜክሲኮ የብልግና ቃል ነው፤ ቶማር ወይም አጋራር ይሻላል። በካርዱ ቅርጽ ውስጥ የድምፅ ማንበቢያ መስመር ስትጨምሩም የስፔንን ሳይሆን የሜክሲኮን ድምፅ ምረጡ፤ አለበለዚያ «ስ» ሊሆን የሚገባው በምላስ ጫፍ ሲነገር ትሰማላችሁ።

አሁን ወደ ቅንብሩ። መተግበሪያው ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ ይሰጣል። ይህ ለሠራተኛ ሰው ይበዛል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የየዕለቱ ክለሳ ከ100 በላይ ይሆናል። ወደ 10 አውርዱት። ከሁለቱም አቅጣጫ የሚጠይቀውን የካርድ ዓይነት የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ቃል ሁለት ካርድ መሆኑን አትርሱ። ሌላው ወጥመድ በቀን 200 የሚለው የክለሳ ጣሪያ ነው። ከዚያ ያለፈውን ስለማያሳይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፣ ከኋላ ግን ይከመራል።

ኤፍኤስአርኤስ የሚባለውን በ2023 የገባ የቀጠሮ ስሌት አብሩት። ከአሮጌው በጣም ይሻላል፤ አሮጌው አጌይንና ሃርድ በተነካ ቁጥር ቀጠሮው የሚርቅበትን መጠን እየቀነሰ ከባድ ቃላትን ማቆሚያ በሌለው ክለሳ ይይዛቸው ነበር። የማስታወስ ግቡን 0.90 ላይ፣ ማለትም ከመቶ ዘጠና ላይ፣ ተዉት። 0.97 ያደረገ ሰው ለጥቂት ተጨማሪ ቃላት ብሎ ሥራውን እጅግ ያበዛዋል። ትልቁ ስህተት ግን ሃርድ ላይ ነው። ሃርድ ማለት «አስታወስኩት፣ ግን አስቸገረኝ» ነው። ለረሳችሁት ቃል ከነካችሁት ስሌቱ እንዳወቃችሁት ቆጥሮ ቀጠሮውን ያርቀዋል፣ ቃሉም እየጠፋ ይሄዳል። የረሳችሁት ሁሉ አጌይን ነው።

ስምንት ጊዜ የተረሳን ካርድ መተግበሪያው ሊች ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ እንደ ቅንብሩም ሊያግደው ይችላል። እገዳውን አንስታችሁ ያንኑ ካርድ አትመልሱ። ጥፋቱ የካርዱ ነውና ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩ። ስልክና ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ የሚመጣውን ጥያቄም ተጠንቀቁ፤ አዲሱ ስልክ ላይ አፕሎድ ከተባለ አንኪዌብ ላይ ያለው ጥቅል ስልኩ ላይ ባለው ይተካል። መባል ያለበት ዳውንሎድ ነው።

የመተግበሪያው መልክ አያምርም፣ ምናሌው የተጨናነቀ ነው፣ መናገርም አያስተምርም። ለንግግር ሰው ያስፈልጋል።

ሥራ በዝቶ 600 ካርድ ቢጠራቀም ጥቅሉን አጥፍታችሁ እንደገና አትጀምሩ። አዲሱን ካርድ ዜሮ አድርጉና በቀን 100 እየከለሳችሁ ጨርሱት። ቀኑ አልፎበትም ያስታወሳችሁት ቃል አያስቀጣም፤ እንዲያውም ቀጣዩ ቀጠሮው ይበልጥ ይርቃል።